ባት መቼ ይነቃል፦ በአዳማ የተሠራ የኢኤምጂ መለኪያ ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ጥያቄው

በቀኝ ጎኗ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባት የሰባት ዓመት ልጅ ቀኝ እግሯን በጣቶቿ ብቻ እያሳረፈች ትራመዳለች፤ ተረከዟ መሬት አይነካም። ልጅቱን የሚከታተሏት ፊዚዮቴራፒስት ያቀረቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ተረከዙ የማያርፈው የባቷ ጡንቻ ያለ ጊዜው ስለሚነቃ ነው፣ ጡንቻው ራሱ ስላጠረ ነው፣ ወይስ እግሯን ወደ ላይ የሚያነሣው የቅልጥም ፊት ጡንቻ ስለደከመ ነው? ለዓይን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። ያለ ጊዜው የሚነቃን ጡንቻ በቦቱሊነም ቶክሲን መርፌ ማለዘብ ይቻላል። ያጠረን ጡንቻ መርፌው ብቻውን አያስረዝመውም፤ መሳብ፣ ጀሶ ወይም ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። የደከመውን ደግሞ ቁርጭምጭሚትን ደግፎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ይረዳዋል። መርፌው ውድ ስለሆነ፣ ሳይታወቅ መሞከር ለቤተሰቡ ቀላል ወጪ አይደለም።

ዊንተርስ፣ ጌጅና ሂክስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 የአንድ ጎን ሴሬብራል ፓልሲ አረማመድን በአራት ዓይነት ከፍለው ነበር። በመጀመሪያው ዓይነት የእግሩ ፊት የሚወድቀው እግሩ በአየር ላይ ሳለ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው መሬት ላይ ሳለም ቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች እንደተዘረጋ ይቀራል። የዚህች ልጅ አረማመድ ሁለተኛውን ይመስላል፤ መመሰሉ ግን ምክንያቱን አይነግረንም።

ትልልቅ የአረማመድ ላቦራቶሪዎች በዙሪያቸው ካሜራ፣ ከወለላቸው ሥር ደግሞ የኃይል መለኪያ ሰሌዳ አላቸው። እኛ ጋ ያለው አንድ ረጅም ኮሪደርና በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። እኔ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁምና፣ ማበርከት የምችለው የጡንቻን የኤሌክትሪክ ሲግናል ከቆዳ ላይ በሚያነበው ዘዴ፣ በኢኤምጂ፣ ጡንቻው ከነርቭ ትእዛዝ የሚቀበልበትን ሰዓት መለካት ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት ጡንቻ፣ በባትና በቅልጥም ፊት፣ ለመጀመር ተስማማን።

ጥቅምት አጋማሽ፦ የልብ ሞጁሉ

ከአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በቀላሉ የተገኘው ኤዲ8232 የተባለውን ቺፕ የያዘ ሞጁል ነበር። ወጪው ወደ 2,000 ብር ገደማ ሲሆን፣ ከነኤሌክትሮድ ገመዱ ስለሚሸጥ ጊዜ ይቆጥባል የሚል ግምት ነበረኝ። በራሴ ባት ላይ ለጥፌ በጣቶቼ ስቆም በስክሪኑ ላይ የታየው ግን ዝቅ ያለ፣ የደበዘዘ ጉብታ ነው።

ምክንያቱ ከቺፑ የመረጃ ሰነድ ላይ ተገኘ። ሞጁሉ የተሠራው ለልብ ምት በመሆኑ በግምት ከ0.5 እስከ 40 ሄርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። ከቆዳ ላይ የሚነበብ የጡንቻ ሲግናል ዋና ጉልበት ደግሞ ከ20 እስከ 450 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ማለትም ሞጁሉ የምንፈልገውን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ ይጥለውና፣ የሚያስቀርልን በገመድ መወዛወዝ የሚበከለውን የታችኛውን ጫፍ ነው። በሰሌዳው ላይ ያሉትን ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች በመቀየር ክልሉን ማስፋት ይቻላል፤ ሆኖም ክፍሎቹ እጅግ ጥቃቅን ናቸው፣ ያለኝ የብየዳ ብረት ጫፉም ወፍራም ነው። ሞጁሉን ለተማሪዎች የልብ ምት ማሳያ እንዲሆን አስቀምጬ ማጉያውን ከመሠረቱ ለመሥራት ወሰንኩ።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ማጉያው

የመጀመሪያው ደረጃ አይኤንኤ128 የተባለው የመለኪያ ማጉያ ነው። የማጉያ መጠኑ በአንድ ሬዚስተር የሚወሰን ሲሆን፣ 50,000ን ለሬዚስተሩ አካፍሎ 1 መደመር ነው፤ በ510 ኦም 99 ገደማ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በቲኤል072 የማጉያ ቺፕ አሥር እጥፍ ይጨመራል። በመካከላቸው የ82 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ19 ሄርዝ በታች ያለውን ያዳክማሉ፤ መጨረሻ ላይ 3.3 ኪሎ ኦምና ሌላ 0.1 ማይክሮፋራድ ከ480 ሄርዝ በላይ ያለውን ይቀንሳሉ። ጠቅላላ ማጉያው ወደ 1,000 እጥፍ ስለሆነ፣ ሲግናሉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው የአርዱዊኖ ኡኖ (አነስተኛ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ባለ 10 ቢት መቀየሪያ በ5 ቮልት የሚለየው 4.9 ሚሊቮልት በቆዳው ላይ ሲታሰብ 4.9 ማይክሮቮልት ይሆናል። ለልጅ ባት ይህ ይበቃል።

ኃይሉ ከሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ብቻ ነው። ከልጅ ቆዳ ጋር የተገናኘ ነገር በምንም መንገድ ከሶኬት ጋር መገናኘት የለበትምና፣ ላፕቶፑም በቀረጻ ሰዓት ቻርጀሩ ተነቅሎ ይሠራል። ይህን ሕግ በመሣሪያው ሳጥን ላይ በትልቁ ጻፍኩት፤ መብራት ሲሄድ ሥራ አለመቋረጡ ያልታሰበ ጥቅሙ ነው።

ኅዳር፦ የ50 ሄርዝ ሞገድ

በመጀመሪያው ሙሉ ቀረጻ የጡንቻው ሲግናል ከመብራት መስመር በሚመጣው የ50 ሄርዝ ሞገድ ተውጦ ነበር። ብዙ ሰው ወዲያው የ50 ሄርዝ መቁረጫ ፊልተር በፕሮግራም ይጨምራል፤ እኔ ግን የጡንቻው ጉልበት ጥሩ ድርሻ በዚያው አካባቢ ስለሆነ ምንጩን ማጥፋትን መረጥኩ። የኮሪደሩን ፍሎረሰንት አምፖሎች ማጥፋት፣ የሁለቱን ኤሌክትሮዶች ገመዶች እርስ በርስ መጠምዘዝ፣ ቆዳውን በአልኮልና በጥጥ እስኪቀላ ድረስ ማሸት፣ ማጣቀሻውን ኤሌክትሮድ ጡንቻ በሌለበት የቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ማድረግ፣ እነዚህ በአንድነት ሞገዱን ወደማያስቸግር መጠን አወረዱት። ከሁሉም የረዳው የቆዳው ማሸት ነው። የኅዳር ደረቅ ነፋስና የአዳማ አቧራ ቆዳን ያደርቃሉ፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ለኤሌክትሮድ ክፉ ነው።

የኤሌክትሮድ ርቀት ሌላው ጣጣ ነው። ሴኒያም የተባለው የአውሮፓ ምክረ ሐሳብ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መሐል እንብርቶች መካከል 20 ሚሊሜትር ርቀት ይጠይቃል። በገበያ ያሉት የአዋቂ የልብ ኤሌክትሮዶች ግን ስፖንጃቸው ሰፊ ስለሆነ እንዲህ አይቀራረቡም፤ ጄሉን ሳይነኩ ጠርዛቸውን በመቀስ መከርከም ነበረብኝ። በቀጭን የልጅ እግር ላይ ርቀቱ ከሰፋ የጎረቤት ጡንቻ ሲግናል አብሮ ይገባል።

ኅዳር መጨረሻ፦ የጫማው ስዊች

የጡንቻ ሲግናል ብቻውን ከእርምጃው ጋር ካልተያያዘ ትርጉም የለውም። በጤነኛ አረማመድ እግር ከእርምጃው ዑደት 60 በመቶ ገደማ መሬት ላይ፣ 40 በመቶ ገደማ በአየር ላይ ነው። የቅልጥም ፊት ጡንቻ እግሩ በአየር ላይ ሳለ ጣቶቹ መሬት እንዳይጠርጉ ያነሣና፣ ተረከዝ ካረፈ በኋላም የእግሩ ፊት በኃይል እንዳይወድቅ ይይዛል። ባት ደግሞ ከዑደቱ 10 በመቶ አካባቢ ጀምሮ እስከ 50 በመቶ ገደማ ይሠራና እግሩ በአየር ላይ ሳለ ዝም ይላል። ስለዚህ የእግሩ ማረፊያ ሰዓት በትክክል መታወቅ አለበት።

ጫና ሲደርስበት መቋቋሙ የሚቀንስ ስስ ሬዚስተር ከጫማው ሶል ላይ በተረከዙ ሥር ለጠፍኩ። በሰነዶች ላይ የሚታየው የተለመደ አሠራር ይኸው ነው፤ ዑደቱ ከተረከዝ እስከ ተረከዝ ይቆጠራል። ልጅቱ ለልኬት ጫማዋን ስትሞክር ግን ፕሮግራሙ አንድም እርምጃ አልቆጠረም፤ ተረከዟ አያርፍምና የተረከዙ ስዊች የሚዘጋበት ምክንያት የለም። መሣሪያው የተሠራበት ችግር ራሱ መሣሪያውን አሳወረው ማለት ነው። አሁን ስዊቾቹ ሦስት ናቸው፤ ተረከዝ፣ የአውራ ጣት ሥርና የትንሿ ጣት ሥር። እርምጃው የሚጀምረው ከሦስቱ የትኛውም መጀመሪያ ሲዘጋ ነው፤ የትኛው ቀደመ የሚለውም ለብቻው ይመዘገባል። ይህ መዝገብ ቆይቶ ከኢኤምጂው እኩል ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል።

ታኅሣሥ፦ የጠፉ ናሙናዎችና የተሳሳተ መነሻ ሰዓት

እያንዳንዱን ጡንቻ በሰከንድ 1,000 ጊዜ መለካት አለብን፤ 450 ሄርዝ የሚደርስ ሲግናል ከእጥፉ በላይ በሆነ ፍጥነት ካልተለካ ይዛባልና። ውሂቡን በጽሑፍ መልክ ወደ ላፕቶፑ ስልከው ግን እያንዳንዱ መስመር 15 ባይት ገደማ ስለሚፈጅ በሰከንድ 15,000 ባይት ይሆናል፤ የ115,200 ቦድ መስመር የሚያሳልፈው 11,520 ብቻ ነው። ትርፉ እየጠፋ የእርምጃው ርዝመት ከቪዲዮው ጋር አልገጥም አለ። ወደ ሁለትዮሽ ቅርጽ ሲቀየር ለሁለት ጡንቻ አራት ባይት፣ ለሦስቱ ስዊቾች አንድ፣ ለመነሻ ምልክት አንድ ሆኖ በሰከንድ 6,000 ባይት በቃ።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ስውር ነው። በፓይተን የጻፍኩት ሂደት የተለመደው ነው፤ ከ20 ሄርዝ በታች ያለውን ማስወገድ፣ አሉታዊውን ወደ አዎንታዊ መመለስ፣ ከዚያ በ6 ሄርዝ ፊልተር ወደፊትና ወደኋላ አሳልፎ ለስላሳ ኩርባ ማውጣት። ፊልተሩ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሄድ ሲግናሉን አያዘገየውም፤ ነገር ግን ኩርባውን ግራና ቀኝ ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ጡንቻው በእውነት ከነቃበት ሰዓት ቀድሞ የነቃ ይመስላል። የእኛ ጥያቄ ደግሞ ባቱ እግር ከማረፉ በፊት ይነቃል ወይ የሚል ነው፤ የምንፈልገውን መልስ ፊልተሩ በነጻ ሊሰጠን ነበር። በመሆኑም ለስላሳው ኩርባ ለምስል ብቻ ይቆያል። የመነሻ ሰዓት የሚወሰደው ካልለሰለሰው ሲግናል ነው፤ ጡንቻው ሲያርፍ ካለው አማካይ በሦስት መደበኛ ልዩነት ሲበልጥና ቢያንስ ለ50 ሚሊሰከንድ ሲቆይ። ከዚህም በላይ የኤሌክትሪክ ትእዛዙ ከሚታየው ኃይል በአሥሮች በሚቆጠር ሚሊሰከንድ እንደሚቀድም እያንዳንዱን ምስል ሳነብ አስባለሁ።

አንድ ጓደኛዬ ውሂቡን ለማሽን ለርኒንግ እንድሰጠው መከረኝ። በዓለም ላይ ስቲል፣ ሮዙማልስኪና ሽዋርትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ያወጡት ሥራ ከብዙ ልጆች የብዙ ጡንቻ ኢኤምጂ ወስዶ፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ጡንቻዎቻቸውን በጥቂት የተቆራኙ ቡድኖች እንደሚያንቀሳቅሱ አሳይቷል። ያ የሚሠራው ብዙ ጡንቻና ብዙ ልጅ ሲኖር ነው፤ በሁለት ጡንቻና በአንዲት ልጅ ላይ መሞከር ለወረቀት ያምር እንደሆነ እንጂ ለፊዚዮቴራፒስቷ ጥያቄ አይጠቅምም።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ የእህቴ ልጅ በጣቱ ሲሄድ

ልጅቱን ከመቅረጻችን በፊት ማወዳደሪያ ያስፈልገን ነበር። የግራ እግሯ ማወዳደሪያ መሆን አይችልም፤ ደኅና ነው የምንለው እግር የቀኙን ጉድለት ለመሸፈን አሠራሩን ስለሚቀይር። ስለዚህ በዕድሜ የሚቀርባትን የእህቴን ልጅ መጀመሪያ እንደ ልማዱ፣ ቀጥሎ ሆን ብሎ በጣቱ እንዲሄድ አደረግነው።

እንደ ልማዱ ሲሄድ ውጤቱ ከሚጠበቀው ጋር ገጠመ። በጣቱ ሲሄድ ግን ባቱ እግሩ መሬት ከመንካቱ በፊት ነቃ፤ ምንም ሕመም የሌለበት ልጅ በጣቱ ለማረፍ ቁርጭምጭሚቱን አስቀድሞ ማጠንከር አለበትና። ይህ ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ግኝት ነው፤ ከማሽኑ ሁሉ ይበልጣል። ባት ቀድሞ መንቃቱን ብቻ አይቶ «ስፓስቲክ ነው» (በነርቭ ችግር ያለ ልክ ይወጠራል) ማለት አይቻልም፤ ጡንቻው ስላጠረ ብቻ በጣቷ የምትሄድ ልጅም ያንኑ ምስል ልታሳይ ትችላለች። ፊዚዮቴራፒስቷ ምስሉን ሲያዩ ለጊዜው ዝም ብለው ቆይተው፣ «እንግዲያው ስትራመድ መለካቱ ብቻውን አይበቃንም» አሉ።

ጥር፦ የልጅቱ ቀረጻ

እናቷ ስለ መሣሪያው በጽሑፍም በቃልም ተገልጾላቸው ፈርመዋል፤ ልጅቱም ራሷ እሺ እስክትል ተጠበቀ። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ስለሆነ ፊዚዮቴራፒስቷ «ሱታ ዴሚ» ሲሏት በዝግታ ትሄዳለች፤ እኔ በአማርኛ ስናገር ግን ቆማ ትመለከተኛለች። የፍጥነቱ ነገር ጨዋታ አይደለም፤ ፍጥነት ሲጨምር የጡንቻ ሲግናል መጠኑ ይጨምራልና በተለያየ ፍጥነት የተሄዱ እርምጃዎች አይነጻጸሩም። በወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርገን በሰዓት ስንለካ የፍጥነት ልዩነታቸው የሰፋውን እርምጃዎች ከስሌቱ አወጣን። ላፕቶፑ በጎማ ወንበር ላይ ሆኖ ከኋላዋ ይገፋል፤ እናትየው «ወንድሜ፣ ገመዱ እንዳይጥላት» እያሉ አብረው ይሄዱ ነበር።

የተገኘው ይህ ነው። ባቷ እግሯ ገና በአየር ላይ ሳለ ይነቃል። የቅልጥም ፊት ጡንቻዋ ግን ዝም አላለም፤ በዚያው ሰዓት ይሠራል፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። የአውራ ጣቱ ሥር ስዊች ሁልጊዜ ይቀድማል፣ ተረከዙ አይዘጋም።

የካቲት መጀመሪያ፦ ቁጥሩ ሲያታልል

ፋልኮነርና ዊንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ያቀረቡት የጋራ መወጠር መለኪያ አለ፤ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ጡንቻዎች በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚሠሩ በመቶኛ ይነግራል። በልጅቱ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወጣ። ነገር ግን ስሌቱ እያንዳንዱን ጡንቻ በራሱ ከፍተኛ መጠን አካፍሎ ይጀምራል። በአዋቂ ጤነኛ ላይ ማካፈያው ሰው በሙሉ ኃይሉ ሲወጥር የሚገኘው መጠን ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ልጅ አንድን ጡንቻ ለይታ በሙሉ ኃይል መወጠር ስለሚያዳግታት ያ አማራጭ የለንም። በእርምጃው ውስጥ በታየው ከፍተኛ መጠን ሲካፈል ደግሞ ደካማው የቅልጥም ጡንቻ ከባቱ እኩል ጠንካራ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከመቶኛው ጎን ያልተካፈለው በማይክሮቮልት የተለካው መጠን ይቀመጣል። ሁለቱ ሲተያዩ ነገሩ ወደ ድካም ያዘነብላል፤ ነገር ግን ከቆዳ በታች ያለ ስብም መጠኑን ስለሚቀንስ ይህን ብቻ ይዤ አልከራከርም።

የካቲት አጋማሽ፦ አልጋ ላይ የተደረገው

ፊዚዮቴራፒስቷ ቀድሞም በእጃቸው የሚያደርጉትን ምርመራ፣ የታርዲዩ የሚባለውን፣ ኤሌክትሮዶቹ እንደተለጠፉ እንዲያደርጉት ተስማማን። ልጅቱ ጉልበቷን ዘርግታ ትተኛለች፤ እሳቸው እግሯን ወደ ላይ መጀመሪያ በጣም በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት ያጥፋሉ፤ ማእዘኑ በጎኒዮሜትር ይነበባል። ስፓስቲሲቲ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ምላሽ ስለሆነ፣ በዝግታ ሲሳብ ጡንቻው በኤሌክትሪክ ዝም ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ግን ከቆመ ያቆመው የጡንቻው ማጠር ነው። በፍጥነት ሲሳብ ሲግናሉ ከፈነዳና እግሩ ቀደም ብሎ ከያዘ ያ ስፓስቲሲቲው ነው።

ሁለቱም ተገኘ። በዝግታ ሲሳብ ባቷ ዝም እንዳለ ቁርጭምጭሚቷ ቀጥ ወዳለው ማእዘን ሳይደርስ ቆመ፤ በፍጥነት ሲሳብ ደግሞ ግልጽ የሆነ የሲግናል ፍንዳታ ታየና ከዚያም ቀደም ብሎ ያዘ። ጉልበቷ ሲታጠፍ በዝግታው መሳብ ከቀጥታው ማእዘን አለፈ፤ ያጠረው ከጉልበት በላይ የሚነሣው የላይኛው ባት እንጂ ከሥሩ ያለው ሶሊየስ አይደለም ማለት ነው። ለዚህ ምርመራ ፕሮግራሙ ላይ የጨመርኩት ነገር ቢኖር ሲግናሉን በድምፅ ማጉያ የሚያሰማ አጭር መስመር ነው፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ስክሪን ሳያዩ፣ በጆሯቸው እየሰሙ፣ ዝግታቸው በእርግጥ ዝግታ መሆኑን ያረጋግጣሉ።

መጋቢት፦ ጀሶ፣ ከዚያ እንደገና

ውሳኔው የእሳቸውና የሐኪሙ ነው፤ መርፌው ቆይቶ መጀመሪያ በየሳምንቱ እየተቀየረ ጡንቻውን ቀስ በቀስ የሚያስረዝም ጀሶ ተደረገ። ለቆልማማ እግር በሚሠራበት የፖንሴቲ ዘዴ ልምድ ያለው የጀሶ ባለሙያ ስለነበር ወጪው ከመርፌው እጅግ ያነሰ ሆነ።

ጀሶው ሲወጣ ቁርጭምጭሚቷ ጉልበቷ ተዘርግቶም ከቀጥታው ማእዘን ጥቂት አለፈ። በኮሪደሩ ስትሄድ የተረከዙ ስዊች በአንዳንድ እርምጃዎች ይዘጋል፤ በአብዛኞቹ ግን ከጣቶቹ በኋላ ነው። ባቷ አሁንም ቀድሞ ይነቃል፤ ተረከዝ ባረፈባቸው እርምጃዎች ግን መነሻው ወደ ማረፊያው ሰዓት ተጠግቷል። ይህ ለውጥ የጡንቻው ነው ወይስ የኤሌክትሮዱ ቦታ ስለተዛወረ የሚለው እንዳያጠራጥር፣ የእግሯን ምልክቶችና የኤሌክትሮዶቹን ቦታ በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ላይ ገልብጠን ነበርና በዚያው ተለጠፉ። የመጋቢት ሙቀት ግን ላብ አምጥቶ በመሐል ስላላቀቃቸው ቀረጻውን ወደ ጠዋት አዛወርነው።

የቅልጥም ጡንቻዋ መጠን እንደ በፊቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ የፕላስቲክ ድጋፉ ተለክቷል። ለእኔ የቀረው ሥራ ሦስተኛ ማጉያ ሠርቶ ሶሊየስን ለብቻ ማንበብ ነው፤ አይኤንኤ128 በሱቆቹ ስላለቀ ከውጭ የሚመጣ ሰው እየጠበቅኩ ነው።